የላሚኔቱ ክፍተት መነሻው ግድግዳው ሥር ነበር

ቤታችን አዲስ አበባ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። የሳሎኑን ወለል ላሚኔት ያለበስነው በነሐሴ ነበር። ሥራውን የሠራነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። ቅዳሜ ከሰዓት ካርቶኖቹን በዝናብ አምጥተን፣ እሑድ ጠዋት መግጠም ጀመርን። ማታ ላይ ዞኮሎውን (ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚመታውን ጠባብ እንጨት) መትተን ሶፋውን ወደ ቦታው መለስን። በጣም ያምር ነበር። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ነው የገባችው።

ታኅሣሥ ላይ ወለሉ መከፈት ጀመረ። መጀመሪያ በሩ አጠገብ፣ ሁለት ጣውላዎች ጫፍ ለጫፍ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጥቁር መስመር አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። አልለቀቀም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ክፍተት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አምስት ቦታ ሆነ። ትልቁን በማስመሪያ ስለካው 3 ሚሊሜትር ደርሷል። አሸዋው፣ የዳቦ ፍርፋሪው፣ የቡናው ገለባ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። በካልሲ ስትሄዱበት ይሰማችኋል።

ያኔ ያደረግሁት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ቀለሙን የሚመስል የእንጨት ማስቲካ (ስንጥቅ መሙያ) ገዝቼ ሞላሁት። አንድ ወር አልቆየም። ተሰነጣጥቆ ወጣ። ቀጥሎ ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ሞከርሁ፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። ይህን የምጽፈው ሌሎች ሰዎች እነዚያን ሁለት ወራት እንዳያባክኑ ነው።

ነገሩን የገለጡልኝ አንድ ጎረቤታችን ናቸው። በአናጢነት የኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ክፍተቱን አየት አድርገው አለፉት። ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው ሄዱና ዞኮሎውን አንሺልኝ አሉኝ። አንስቼ ሳሳያቸው ጣውላው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የወደቀ ጀሶና የሲሚንቶ ፍርፋሪ በጣውላውና በግድግዳው መካከል ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ከሁሉ የከፋው ግን ምስማሩ ነው። ወንድሜ ዞኮሎውን ሲመታ ግድግዳው አልበሳ ስላለው፣ ሦስት ቦታ ላይ ምስማሩን ወደ ታች አዘንብሎ ከላሚኔቱ ጋር ሰፍቶታል።

ላሚኔት ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ላሚኔት እንደ ሴራሚክ ከወለሉ ጋር አይጣበቅም። ከሥሩ ስፖንጅ ተነጥፎለት፣ ጣውላዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው፣ እንደ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። መሐሉ ከተፈጨ እንጨት በግፊት የተሠራ ሰሌዳ ነው። የእንጨት ዘር ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። የኛ አገር አየር ደግሞ ለዚህ ምቹ ፈተና ነው። በክረምት ግድግዳው ሳይቀር ይረጥባል፤ ከጥቅምት በኋላ በጋው ሲገባ ከንፈራችን ይሰነጠቃል። እኔ ላሚኔቱን የገጠምሁት ክረምት ላይ፣ እርጥበት ጠጥቶ ባበጠበት ሰዓት ነው። ያውም ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ።

በጋ ሲመጣ ጣውላው ጠበበ። ነጻ ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው በሙሉ አንድ ላይ ሰብሰብ ይልና ክፍተቱ ዞኮሎው ሥር ይደበቅ ነበር። ማንም አያየውም። የኔ ግን አንድ ጎኑ በምስማር፣ ሌላው ጎኑ በጀሶ ተይዟል። ከሁለት በኩል ሲጎተት የሚላቀቀው ደካማው መጋጠሚያ ነው። ስለዚህ ማስቲካ ሞላሁ አልሞላሁ ለውጥ የለውም። ጉልበቱ አሁንም እየጎተተ ነው።

ክፍተት ያገኘ ሰው እንግዲህ መጀመሪያ ዞኮሎውን ያንሳ። ግድግዳው ሥር ዙሪያውን ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ከሌለ ችግሩ እዚያ ነው። ባዶው ቦታ ካለ ደግሞ ጀሶ፣ ሲሚንቶ፣ የተሰበረ ሽብልቅ ወይም ወደ ታች የተመታ ምስማር እንደሌለበት አረጋግጡ። የበሩን መቃን አትርሱ። ጣውላው ከመቃኑ ሥር ገብቶ ከተቀረቀረ እንደ ምስማር ነው የሚይዘው። ከባድ ዕቃም ያው ነው። ግድግዳ ላይ የተገጠመ የኩሽና ካቢኔት ላሚኔቱ ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ያን ጎን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ካቢኔት ሲሚንቶው ላይ ይቁም፤ ላሚኔቱ ከፊቱ ይቆረጥ።

የኔ ሳሎን በዚህ ብቻ የሚድን አልነበረም። ክፍተቶቹ የወጡት በዘፈቀደ አልነበረም። አብዛኞቹ ትንንሽ ቁራጮች የገቡበት ቦታ ላይ ነው የወጡት። እዚህ ላይ የአሰላለፉ ስህተት ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይኸኛው ነው። ምክንያቱም እርሳስና ወረቀት ይዤ አሥር ደቂቃ ብቀመጥ ኖሮ ይቀር ነበር።

ሳሎኑ ርዝመቱ 4.20 ሜትር፣ ወርዱ 3.52 ሜትር ነው። ጣውላው ርዝመቱ 138 ሴንቲሜትር፣ ወርዱ 19.3 ሴንቲሜትር። ከየግድግዳው 1 ሴንቲሜትር ስንተው ለርዝመቱ 418 ሴንቲሜትር ይቀራል። ሦስት ሙሉ ጣውላ 414 ነው። የሚጎድለው 4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። እኛ ምን አደረግን? አንዳንድ ረድፍ ላይ ሦስት ሙሉ ጣውላ ደርድረን መጨረሻው ላይ 4 ሴንቲሜትር ቁራጭ ሸጎጥን። አራት ሴንቲሜትር ቁራጭ ምንም የሚይዘው ነገር የለውም። ሰው በረገጠው ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ በጋው ሲመጣ ቀድሞ የሚላቀቀው እሱ ነው።

ወርዱም ከዚህ አይሻልም። 350 ሴንቲሜትር ይቀራል። 18 ሙሉ ረድፍ 347.4 ይወስዳል። የመጨረሻው ረድፍ 2.6 ሴንቲሜትር ቀጭን ክር ሆነ ማለት ነው። ግን በዚህ አላበቃም። ክፍሉ ስኳድራ አልነበረም፤ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ አልነበሩም። በበረንዳው በኩል ወርዱ 3.50 ሜትር ነው። ስለዚህ ያ ቀጭን ክር ከአንድ ጫፍ 26 ሚሊሜትር ተነስቶ ሌላው ጫፍ ላይ 6 ሚሊሜትር ይሆናል። ያ ረድፍ ስንጥር ነበር። ወንድሜ በኮላ ለጠፈው።

ማስተካከያው ቀላል ሒሳብ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ከ5 ሴንቲሜትር በታች የሚመጣ ከሆነ፣ የሚተርፈውን ከአንድ ሙሉ ጣውላ ወርድ ጋር ደምሩትና ለሁለት ክፈሉት። በኔ ቤት 2.6 እና 19.3 ሲደመር 21.9፤ ለሁለት ሲካፈል 10.95። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ረድፍ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናሉ። መሐል ላይ 17 ሙሉ ረድፍ ይገባል። ያ የግድግዳው 2 ሴንቲሜትር ጠመምታም አሁን የመጨረሻው ረድፍ ውስጥ ከ11 ወደ 9 ሲወርድ ዓይን አያየውም። ከ2.6 ወደ 0.6 ሲወርድ ግን ሕፃን ልጅም ያየዋል።

ጠመምታውን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ በ60፣ በ80 እና በ100 ሴንቲሜትር ሥሩት። ወርዱን ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቦታ ለኩ፤ ሁለቱን ጫፍና መሐሉን። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ማየት ብቻውን ያታልላል።

የጫፍ መገጣጠሚያዎችም ነበሩ። በጎረቤት ረድፎች ያሉ የጫፍ መገጣጠሚያዎች ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር መራራቅ አለባቸው። የኛ አንዳንዶቹ 10 ሴንቲሜትር እንኳ አይራራቁም ነበር፤ ሁለት ቦታ ላይማ ፊት ለፊት ተገጣጥመዋል። እንዲህ ሲሆን ወለሉ ያን መስመር ይዞ ይታጠፋል።

ስለዚህ ወረቀት ላይ አዲስ የጣውላ ድርድር ሠራሁ። የመጀመሪያው ረድፍ በ40 ሴንቲሜትር ቁራጭ ይጀምራል፣ ሁለተኛው በ75፣ ሦስተኛው በ110። አራተኛው ተመልሶ በ40። እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሙሉ ጣውላ ስትጨምሩ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ቁራጮች 102፣ 67 እና 32 ሴንቲሜትር ናቸው። ከ30 በታች የሆነ ቁራጭ የለም፤ መገጣጠሚያዎቹም ቢያንስ በ35 ሴንቲሜትር ይራራቃሉ። የናንተ ክፍል ልኬቱ ሌላ ይሆናል፤ ስሌቱ ግን ይኸው ነው። ጣውላውን ከመቁረጣችሁ በፊት የመጨረሻውን ቁራጭ እወቁት።

መንቀል ያስፈራ ነበር። ባለቤቴ ጨርሶ ይሰባበራል ብሎ ፈርቶ ነበር። አልተሰባበረም። ላሚኔት ወለል መነሻው ስዊድን ነው፤ ፐርስቶርፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠረው ነው። ያኔ መጋጠሚያው በኮላ ነበር የሚያያዘው፤ ቢነቀል ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የስዊድኑ ቫሊንገና የቤልጂየሙ ዩኒሊን ያለ ኮላ የሚቆለፈውን ክሊክ ካመጡ ወዲህ ነው ወለሉን መፍታትና መልሶ መግጠም የተቻለው። የኔም ክሊክ ነበር። የተጎዱት በኮላ የተለጠፈው ስንጥርና የተበሱት ሦስት ጣውላዎች ብቻ ናቸው።

ስትፈቱ ከመጨረሻው ረድፍ ጀምሩ። ጣውላ በጣውላ አትንቀሉ። ረድፉን በሙሉ ከረጅም ጎኑ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አዘንብሉት፤ ሲላቀቅ ድምፁ ይሰማችኋል። ከዚያ መሬት ላይ አስተኝታችሁ ጫፍና ጫፉን ወደ ጎን አንሸራትታችሁ አላቅቁ። ጫፉን ወደ ላይ ቀልብሳችሁ ከነቀላችሁት ወንዴው (ወጣ ያለው የመጋጠሚያ ጠርዝ) ይሰበራል። እኔ በእያንዳንዱ ጣውላ ላይ የቀለም ቀቢዎችን የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ቁጥር ጻፍሁበት። ድርድሩን ስለቀየርሁ ቁጥሩ ያን ያህል አልጠቀመኝም። ከመሐል ያለን አንድ ጣውላ ለመቀየር ብቻ ለሚፈታ ሰው ግን ቁጥሩ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስንፈታው ሌላም ነገር አገኘን። ወንዴው የሚገባበት ሴቴ ጎድጓዳ ውስጥ ሰጋቱራና የሲሚንቶ ቅንጣት ታጭቋል። ጣውላውን የቆረጥነው እዚያው ወለሉ ላይ ስለነበር ዱቄቱ ሁሉ እዚያ ገብቷል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መጋጠሚያው ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ታደርጋለች። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ጠረግናቸው። በሁለተኛው ጊዜ የምንቆርጠው በረንዳ ላይ ነበር።

ሊሾውም ደልዳላ አልነበረም። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ አልሙኒየም አስተኝተን ስናይ መሐል ላይ 6 ሚሊሜትር ጉድጓድ አለ። ለላሚኔት በ2 ሜትር ውስጥ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት መኖር የለበትም። በፊት ይህን አይተን ስፖንጁን ሁለት ድርብ አድርገንበት ነበር። በፍጹም እንዳታደርጉት። ስፖንጁ ሲደረብ ወለሉ ይለሰልሳል፤ በተረገጠ ቁጥር መጋጠሚያው ወደ ታች እየታጠፈ ክሊኩን ይቀጠቅጠዋል። ጉድጓዱን በደቃቅ አሸዋና በሲሚንቶ ሞልተን፣ ለጥጠን፣ ጊዜ ወስደን አደረቅነው። ሳይደርቅ ላሚኔት ቢነጠፍበት እርጥበቱ ከሥር ይመጣል።

ተጨማሪ ሁለት ካርቶን ስንገዛ ግን ተምረናል። ካርቶኖቹን ሳንከፍት፣ ሳሎኑ መሐል አስተኝተን፣ 48 ሰዓት አሳደርናቸው። ግድግዳ ላይ ማቆም አይሆንም፤ ጣውላው ይጎብጣል።

የመጀመሪያውን ረድፍ ቀጥ ማድረግ ላይ ግማሽ ቀን አጠፋን፤ አይቆጨኝም። በመጀመሪያው ሙከራ ረድፉን የግድግዳውን መስመር አስይዘን ነበር የጀመርነው። ግድግዳው ሆዱ ወጣ ያለ ስለነበር ረድፉም አብሮት ጎበጠ፤ የጎበጠ ረድፍ ላይ የሚመጣው ቀጣዩ ረድፍ ጫፎቹ አይዘጉም። አሁን ገመድ ወጥረን፣ ረድፉን በገመዱ አስተካክለን፣ በግድግዳው በኩል ያለውን ጎን በግድግዳው ቅርጽ ቆረጥነው። ከግድግዳው ጋር 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸው እንጨቶችን አስገባን። ሥራው ሲያልቅ እንጨቶቹን ማውጣት እንዳይረሳ። አንዷ ከቀረች አንድ ምስማር ቀረ ማለት ነው።

ጣውላ ሲመታ በቀጥታ በመዶሻ አይመታም፤ ጠርዙ ይፈለጣል። የተረፈ ጣውላ ቁራጭ መሐል አስገቡና በእሱ ላይ ምቱ። ግድግዳው ጋ መዶሻ ስለማይገባ የመሳቢያ ብረት ያስፈልጋል። እኔ ሰፈር ያለው ብየዳ ቤት ጠፍጣፋ ብረት ሁለቱን ጫፍ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ አጥፎ ሠራልኝ። አንዱ ጫፍ የጣውላውን ጠርዝ ይይዛል፤ ሌላውን በመዶሻ ስትመቱ ጣውላው ወደናንተ ይሳባል። ጠርዙን እንዳይጎዳ ጨርቅ ጠቅልዬበታለሁ።

መኝታ ቤቱ ሌላ ታሪክ ነው። ያን የገጠመልን ባለሙያ ነበር፤ ድርድሩም ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ 2 ሚሊሜትር የጫፍ ክፍተት ወጣ። ለዚህ ማንም ወለል አይንቀል። መጀመሪያ ዞኮሎውን አንስቼ ነጻ መሆኑን አረጋገጥሁ። ክፍተቱን በመርፌና በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ። ከዚያ ጠንካራ ባለሁለት ፊት ፕላስተር አንድ ወፍራም እንጨት ሥር ለጥፌ፣ እንጨቱን ጣውላው ላይ ከክፍተቱ ራቅ አድርጌ ረግጬ አጣበቅሁት። የእንጨቱን ጎን ወደ ክፍተቱ አቅጣጫ በጎማ መዶሻ ደጋግሜ መታሁ። በየምቱ ትንሽ ትንሽ እየሄደ ተዘጋ። መስታወት ሠራተኞች መስታወት የሚያነሱበት ባለ ጎማ መያዣ ያለው ሰው በእሱም ይሠራል። ከመዝጋቴ በፊት ጥቂት የእንጨት ኮላ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አስገብቼ ነበር፤ የወጣውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ያን ጣውላ ስትገፉት ግን ክፍተቱ ወደ ቀጣዩ መጋጠሚያ ሊዛወር ይችላል። ያኔ እሱንም እየመታችሁ እስከ ግድግዳው ታደርሱታላችሁ። ክፍተቱ መጨረሻ ላይ ዞኮሎው ሥር ይገባል።

ይህ የሚሠራው ለጫፍ ክፍተት ነው። በረጅሙ ጎን፣ በረድፍና በረድፍ መካከል የተከፈተ ከሆነ ግን በመምታት አይዘጋም። ቅርብ ካለው ግድግዳ ጀምሮ እስከዚያ ረድፍ ድረስ መፍታት ነው። ሲፈታ ክሊኩ ተሰብሮ ከተገኘ ጣውላው ይቀየር፤ የተሰበረ ክሊክ በኮላ ብዙ አይቆይም።

ኮሪደሩ ላይ ያጋጠመን ደግሞ ተቃራኒው ነው። በሐምሌ ወለሉ መሐሉ ተነስቶ እንደ ጣሪያ ሆነ። ሳሎኑንና ኮሪደሩን በበሩ በኩል ሳናቋርጥ አንድ አድርገነው ነበር፤ ሲያብጥ መሄጃ አጣ። በሩ መቃን ሥር ቆርጠን 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍተን፣ በላዩ የአልሙኒየም መጋጠሚያ አደረግንበት። አልሙኒየሙ የተያዘው ከሲሚንቶው ጋር ነው፤ ከላሚኔቱ ጋር አይደለም። በሁለት ቀን ውስጥ እብጠቱ ወረደ። ክፍሎች በበር የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ይቆረጥ። አንድ ክፍልም ብቻውን ከ8 እስከ 10 ሜትር ካለፈ መሐል ላይ መቆረጥ አለበት።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ልበል፤ ቤታችን ውስጥ ያጣላን ስለሆነ። ሊሾ ላይ ያደግን ሰዎች ወለል ውሃ አፍስሰን ማጠብ ለምደናል። በዓል ሲሆን ደግሞ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፤ ያውም ውሃ ተረጭቶበት። እርጥብ ቄጤማ ላሚኔት ላይ ሲያድር ውሃው በመጋጠሚያው ይገባና ጠርዙ ያብጣል። ያበጠ ጠርዝ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም፤ ጣውላው መቀየር ብቻ ነው። ቄጤማ ይቅር አልልም፤ እናቴ ያለ ቄጤማ ቡና አታፈላም። አሁን ከሥሩ ፕላስቲክ ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ የከሰል ምድጃው ሴራሚክ ሰሌዳ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ቄጤማው ይነሳል።

ሳሎኑን እንደገና ከገጠምን ሁለተኛው በጋ ነው። የተረፈውን አንድ ካርቶን አልጋ ሥር አስተኝቼ አስቀምጫለሁ፤ ያ ቀለም ሱቁ ውስጥ አልቋል። የበረንዳው በር አጠገብ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ግማሽ ሚሊሜትር የማትሞላ መስመር ጥር ላይ ትታያለች። አልነካኋትም። ባለፈው ሐምሌ ጎንበስ ብዬ ፈልጌ አጥቻታለሁ።